ለልጆቹ ብዬ የገዛሁት የላይ ሠፈር ቤት

ለሚስቴ ለአስካለ፣ የጥሩነሽና የወርቁ እናት፤

ባለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። ከተለየሽን አራተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠብቷል። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ብራና አጥቼ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ፣ በቤታችን እህል ቢጎድል እንኳ ብራናና ቀለም ጎድሎ አያውቅም። የምጽፈውን ፈርቼ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስገለብጥ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ልጽፍ ስል እንደ ጀማሪ መስመሩን እስታለሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። የላይ ሠፈሩን ቤት ትተን ወርደናል። አሁን የምንኖረው ታች ሠፈር፣ ከምንጩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከታችኛው ደብር ቅጥር ሥር ነው። አዎ፣ አንቺ ያልሽው ቦታ። ደስ ይበልሽ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን አንቺ በሌለሽበት ያንቺን ምርጫ ይዤ መቀመጤ ደስታ አልሆነልኝም። ጠዋት በሩን ከፍቼ ያንን ለጥ ያለ ጓሮ ሳይ፣ ጎመን የምትተክይበትን ቦታ በእጅሽ እያመለከትሽ ያሳየሽኝ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ዞሬ እንኳ አላየሁትም።

ከአገራችን ከለሚ የወጣንበትን ቀን አልረሳሁም። የደብራችን የኔታ ከሞቱ ወዲህ ልጅ የሚያስተምር ሰው ጠፍቶ፣ ወርቁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ፊደል አልለየም ነበር። ጥሩነሽ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሷን ግን ያኔ ከተማሪ አልቆጠርኳትም። «የጸሐፊ ልጅ ሳይማር ሊቀር ነው» እያልሽ ስትጨነቂ፣ እኔ ከብራናዬ ቀና ሳልል «እኔ ጊዜ የለኝም፤ መምህር ወዳለበት አገር እንሂድ» አልኩሽ። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ በቀን አንዲት መስመር ባስቆጥረው ምን ይጎዳኝ ነበር? ይህን ራሴን አልጠየቅሁም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።

በሙሽርነትሽ የመጣሽባትን በቅሎ ጭነን ተነሳን። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስናድር ውርጩ የልጆቹን ከንፈር ሰነጠቀው። አንቺ ሁለቱን ባንድ ባና ጠቅልለሽ፣ «አይዟችሁ፣ አንኮበር ስንደርስ ሁለታችሁም ትማራላችሁ» ትያቸው ነበር። «ሁለታችሁም» ያልሽውን ሰምቻለሁ። እናት ልጅ ስታባብል የምትለው መስሎኝ አለፍኩት።

አንኮበር ዘመዴ ቤት አርፈን ሦስት ቀን ቤት ፈለግን። ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንዱ ከጋራው ራስ፣ ከንጉሡ ግቢ ሥር፣ ከላይኛው ደብር አጠገብ ነው። በዚያ ደብር ስማቸው እስከ መንዝና እስከ ቡልጋ የተሰማ መምህር ነበሩ፤ የመኳንንቱ ልጆች ሁሉ የሚማሩት እሳቸው ዘንድ ነው። ሌላው ቤት ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነበር። ጣሪያው አዘምሟል፣ ግን ጓሮው ሰፊ፣ ውሃው ቅርብ ነው። እዚያ ደግሞ እማሆይ አመተ የሚባሉ መነኩሲት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ወይራ ጥላ ሥር ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር።

እኔ የግድግዳውን ጭቃና የጣሪያውን ሣር ስመረምር፣ አንቺ የልጆቹን መማሪያ ስታዪ ዋልሽ። ላይ አንድ ረፋድ ቆመሽ አዳመጥሽ፤ ታች አንድ ረፋድ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠሽ አየሽ። ከዚያ መጥተሽ የነገርሽኝ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«ላይኛው ደብር መቶ ልጅ ባንድ አፍ ይጮኻል» አልሽኝ። «መምህሩን ልጆቹ አያገኟቸውም፤ እሳቸው የሚያስተምሩት ቅኔ ለደረሱት ነው። ትንንሾቹን የሚያስቆጥራቸው አንድ ጎረምሳ ተማሪ ነው፤ ይመታቸዋል እንጂ አይሰማቸውም። እማሆይ ግን እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል። ሲሳሳት ያቆሙትና እንደገና ያስብሉታል። ደግሞ ሴቶች ልጆች አሉ። ሦስት አይቻለሁ።»

የመለስኩልሽን አንቺ ረስተሽልኝ ሞተሽ ይሆናል። እኔ ግን አልረሳሁትም። «አንቺ ሀ ብለሽ ሳታውቂ ስለ ትምህርት ምን ትነግሪኛለሽ?» አልኩሽ። ዘመዴና ሚስቱ ባሉበት ነው ያልኩሽ። ዘመዴ ሳቀ። ሚስቱ ወደ መሬት አየች። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ «እሺ፣ አንቱ ያውቃሉ» አልሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አላወጣሽም።

ዛሬ እውነቱን ልጻፍልሽ። ያንን ቤት የመረጥኩት ለወርቁ ብዬ አልነበረም። ለሰው ሁሉ «ልጄ ከደህና መምህር እግር ሥር እንዲማር ብዬ» እል ነበር፤ ላንቺም ያልኩሽ ይህንኑ ነው። ልቤ ያለው ግን ከግቢው ነበር። መኳንንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ በደጄ እንዲያልፉ፣ የብራና መወጠሪያዬን እንዲያዩ፣ «ይህ ጸሐፊ ማነው?» እንዲባል ፈልጌ ነው። ለልጆቹ ብዬ እያልኩ ለራሴ ስም ቤት ገዛሁ። በቅሎሽንም ለዚያው ሰጠሁ። ሻጩ ልጓሟን ይዞ ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይንሽ ሸኘሻት።

የላይ ሠፈር ኑሮ ምን እንደሚመስል ላንቺ መንገር አያስፈልግም። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ወጥሬ ያሳደርኩት ብራና ጠዋት እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል። ነፋሱ ሣሩን ከጣሪያው ይነቅላል። ውሃ ከሩቅ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ እንስራውን ሞልቶ፣ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት ነው። አንቺ በየቀኑ ጥሩነሽን አስከትለሽ ትወርጂ ነበር። ጠዋት ወርደሽ የምትመለሽው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው።

ስትዘገዪ እቆጣሽ ነበር። «ምንጭ ዳር ወሬ ይዘሽ ነው» እልሽ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሳይደርስ ከግቢው እንግዳ መጥቶብኝ፣ ስትገቢ በሰው ፊት አመናጨቅሁሽ። እንስራውን ከጀርባሽ ሳታወርጂ ቆመሽ ሰማሽኝ። ጥሩነሽ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ትከሻዋን ያዝ አደረግሻት። ያንን አይቻለሁ። አይቼ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እንግዳዬን ማስተናገድ ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መንገድ ላይ አገኘሽ። ጥሩነሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ አንቺ ረጥበሽ ገባሽ። በማግሥቱ ጎንሽን ወጋሽ። ጠበል መጣልሽ፣ ጎረቤት መድኃኒት ቀጥቅጦ አመጣ፤ ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። እኔ ለአንድ መኮንን የምጽፈው መጽሐፍ ቀኑ ደርሶብኝ ስለነበር በሩ አጠገብ ብርሃን ይዤ እጽፍ ነበር። ብዕሩን ጥዬ አጠገብሽ ልቀመጥ ይገባኝ ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ አንዴ መጥቼ ግንባርሽን ዳሰስኩ፣ ተመለስኩ፤ እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን በስሜ ጠራሽኝ። መጣሁ። «ጥሩነሽን ወደ ታች ይላኳት፤ አያስቀሯት» አልሽኝ። እኔም «ውሃ አለ፣ ስለ ውሃ አትጨነቂ፤ ጎረቤት ይቀዳልናል» አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ። እንደገና «ወደ ታች…» አልሽ። እኔም እንደገና «ውሃ አለ አልኩሽ እኮ» አልኩሽ። ዓይንሽን ጨፈንሽ። ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፍሽ።

አስካለ፣ ውሃ የምትይ መስሎኝ ነበር።

ከአርባሽ በኋላ ቤቱን እንዴት እንደያዝነው አላውቅም። ጥሩነሽ ትንሽ እንስራ ይዛ ውሃ ትወርዳለች፤ እሷም እንዳንቺው ትዘገያለች፤ እኔም የእናቷን ልጅ እየተቆጣሁ እኖራለሁ። ወርቁ ላይኛው ደብር ይውላል። ሲመለስ «ተማርክ?» እለዋለሁ፤ «ተማርኩ» ይለኛል፤ ይበቃኛል። ይህን እያልን ሳለ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጡ ተባለ። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ መስሎን ነበር። በኋላ መኳንንቱ ዕቃቸውን ጭነው ተከተሉ፤ ነጋዴው ተከተለ፤ እኒያ ስመ ጥሩ መምህርም ከደረሱት ተማሪዎቻቸው ጋር ሄዱ። ትንንሾቹን ልጆች ያስቆጥር የነበረው ጎረምሳም አብሮ ሄደ። በደጄ ያልፉ የነበሩት በቅሎዎች ሁሉ አለፉና መንገዱ ሣር አበቀለ።

ያኔ ነው ወርቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ያስቀመጥኩት። አንድ ዳዊት እየገለበጥኩ ነበር፤ «እስቲ አንብብልኝ» ብዬ ገጹን ዘረጋሁለት። በሚያምር ድምፅ ይለው ጀመር። ልቤ ሞቅ አለ። በኋላ ግን ልብ ብዬ ብሰማው፣ የሚለው ገጹ ላይ ያለውን አይደለም። ጣቴን ወደ ሌላ መስመር ባዞርለትም ያንኑ ይደግማል። ከመቶው ልጅ ጋር ሲጮኽ በጆሮው የያዘውን ነው የሚነግረኝ እንጂ ካንዲቱ ፊደል ጋር እንኳ አይተዋወቅም። ሦስት ዓመት ተምሮ!

«ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጮኽኩ። ልጁ ደንግጦ አለቀሰ። በዚህ መካከል ጥሩነሽ ውሃ ይዛ ገባች። እንስራዋን አስቀምጣ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ገጹን አየችው፤ ከዚያ የምገለብጥበትን ብራና አየችው።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ቃል ዘለሉ» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ። እውነቷን ነበር፤ ዘልያለሁ። «ደግመሽ አንብቢ» አልኳት። ቀስ እያለች፣ አንዳንዱ ላይ እየቆመች፣ ግን አንድም ሳትስት አነበበችው።

«ማን አስተማረሽ?»

«እማሆይ። ትወስደኝ የነበረችው እማዬ ናት።»

«መቼ?»

«ውሃ ስንወርድ» አለችና ፈራ ብላ አየችኝ። «እማዬ ለአባትሽ አትንገሪ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብላኝ ነበር።»

በዚያው ሰዓት መቋሚያዬን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ያንን መንገድ አንቺ ስንት ጊዜ እንደወጣሽው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት ከላይ ስኖር ምንጩ ድረስ ወርጄ አላውቅም ነበርና። እማሆይ ወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«የአስካለ ባል አንተ ነህ?» አሉኝ። «ልጅቱን እዚህ አስቀምጣ እህሌን ትፈጭልኝ ነበር። ለማስተማሪያ የምሰጠው የለኝም ብላ። ተይው፣ አልፈልግም ብላት እምቢ አለችኝ። ወፍጮዋን ወደ ደጅ አውጥታ እየፈጨች ጆሮዋ ከልጆቹ ጋር ነበር። ቆይታ ደግሞ፣ እማሆይ እኔንም ያስቆጥሩኝ አለችኝ።»

«አስካለ?»

«አስካለ። ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጣ ትቆጥር ነበር። ሀ ብላ ጀምራ እስከ ተ ደርሳለች፤ ሰባቱንም እየለየች።»

እማሆይ ቀጠሉ፦ «ባልሽ ጸሐፊ አይደለም ወይ፣ እሱ ለምን አያስቆጥርሽም? ብዬ ጠይቄያት ነበር።»

«ምን አለችዎ?»

«ሥራ አለበት፤ አለችኝ።»

ይኸው ነው፣ አስካለ። በሰው ፊት ያልኩሽን ልትነግሪያቸው ትችይ ነበር። አልነገርሻቸውም። «ሥራ አለበት» ብለሽ ሸፈንሽኝ። የእኔ ሚስት፣ የእኔ የጸሐፊው ሚስት፣ ፊደል ለመቁጠር ያንን ቁልቁለት ወርዳ የሰው እህል ትፈጭ ኖሯል። ቀለሙ ቤትሽ፣ ብራናው ቤትሽ፣ ባልሽ ቤትሽ። አንዲት ቀን «ነይ፣ ተቀመጪ» ብልሽ ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ ባልኖረ፤ ያ ዝናብም ምናልባት ባላገኘሽ። ምናልባት እያልኩ ነው የማድረው። የንስሐ አባቴ እንዲህ ማሰብ ተገቢ አይደለም ይሉኛል። አልተውኩትም።

የላይ ሠፈሩን ቤት ልሸጠው ብል የሚገዛ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው የተጋፋበት ሠፈር ባዶውን ቀርቶ፣ የቤቱን በርና ምሰሶ እየነቀሉ የሚማግዱት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የታችኛው ደብር አለቃ አንድ ወንጌል እንድጽፍላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ በዋጋው ፋንታ ከቅጥሩ ሥር አንቺ የመረጥሽውን ቦታ፣ ያ ያዘመመው ቤት ፈርሶ የቀረበትን፣ ሰጡኝ። የታች ሠፈር ሰው በደቦ ወጥቶ የቤታችንን ማገርና ምሰሶ በትከሻው ተሸክሞ አወረደልኝ። አንዳንዶቹ ሴቶች ያንቺን ስም እየጠሩ ነበር የሚሠሩት። ላይ ሦስት ዓመት ስኖር ስሜን የሚያውቅ ጎረቤት አላፈራሁም፤ እዚህ ግን ሁሉም «የአስካለ ባል» ይለኛል። ውሃ ቀጂ ሆነሽ ወርደሽ ሠፈር አበጅተሽ ቆይተሽኝ ኖሯል።

ወርቁ እንደገና ከሀ ጀመረ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከሕፃናት ጋር መቀመጥ አሳፈረው። ብዙ ጊዜ እየጠፋ አስቸገረኝ። አሁን ማንበብ ይችላል፣ ለደብተራነት ግን አልሆነም፤ ልቡ ወደ አልዩ አምባ ገበያ፣ ወደ ጨው ነጋዴዎቹ ነው። በዚህ ክረምት መግቢያ ከነሱ ጋር ወረደ። ስንለያይ አቀፈኝ እንጂ ብዙ አላወራኝም። በልጅነቱ ያላዳመጥኩትን ልጅ ዛሬ ለምን አታወራኝም ልለው አልችልም።

ጥሩነሽ ዳዊቷን ጨርሳለች። ቁመቷ አንቺን አልፏል። እማሆይ ዓይናቸው ደክሞ ገጹን መለየት አቅቷቸዋል፤ በድምፅ ብቻ ነው የሚያርሙት። ስለዚህ ትንንሾቹን የምታስቆጥረው እሷ ሆናለች። ዘንድሮ ስድስት ሴቶች ልጆች አሉ። እኔ ከቤቴ ደጅ ብራናዬን ወጥሬ እየፋቅሁ ድምፃቸው ይደርሰኛል።

ባለፈው ሰኔ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከአረርቲ አንድ ገበሬ ከነሚስቱና ከልጆቹ መጣ። ልጆቹን ሊያስተምር ቤት የሚገዛበት ሠፈር ፈልጎ፣ ጸሐፊ ያውቃል ብሎ እኔን ሊጠይቅ ነው የመጣው። «ጌታዬ፣ የቱ ሠፈር ይሻለኛል? ስሙ የተጠራው መምህር የት ነው ያለው?» አለኝ። ሚስቱ አንዷን አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ከኋላው ቆማለች። የምመልስለት ብዙ ነበረኝ። ሁሉንም ዋጥኩት።

«አንቺስ፣ እመቤት?» አልኳት። «ምን አየሽ?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ባሏን አየች። ባሏ እኔን አየ። ጠበቅኋት። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ የትኛው ልጇ ዓይነ አፋር እንደሆነና ብዙ ልጅ ባለበት እንደሚጠፋባት፣ ጠዋት ተደብቃ የሰማችውን የልጆቹን ንባብ። ረጅም ጊዜ ተናገረች። ብዕሬን አስቀምጬ እስክትጨርስ ሰማኋት። ባሏም ሰማት። ሲሄዱ እሱ ቀድሞ አልሄደም፤ አብረው ነው የወጡት። ቤት ውስጥ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ያችን ሴት ያዳመጥኳትን ያህል አንቺን አንድ ቀን እንኳ አዳምጬሽ አላውቅም።

ይቅር በይኝ ብዬ መጻፍ ቀላል ነው፤ ብራና ሁሉን ይችላል። ስለዚህ የማደርገውን ልንገርሽ። ከእንግዲህ በምጽፈው መጽሐፍ ሁሉ፣ ጸሎት የሚለመንበት የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከእኔ ስም በፊት የክርስትና ስምሽን፣ ወለተ ሚካኤልን፣ በቀይ ቀለም እጽፋለሁ፤ መጽሐፉ የደረሰበት አገር ሁሉ የሚያነበው ሰው ስምሽን ይጥራው። በየዓመቱም ነሐሴ ላይ፣ ባረፍሽበት ቀን፣ ብዕር አልነካም። ወይራው ሥር ከትንንሾቹ ኋላ እቀመጥና፣ አንዳቸውንም ሳላርም፣ ሲያነቡ እሰማለሁ።

ባልሽ።